ከጥሪው እስከ ፊርማው፦ ለልማት ፕሮጀክት የመንግሥት ግራንት እንዴት ይጠየቃል?

ለልማት ፕሮጀክት ከመንግሥታት ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመጻፍ ነው። ለጋሹ «ማመልከቻ አቅርቡ» የሚል ጥሪ ያወጣል፣ አንድ ሰው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፣ «መግቢያ» ብሎ ይጀምራል። እኔም ለዓመታት የማደርገው እንዲሁ ነበር። አሁን ግን ከሥራው ግማሽ የሚበልጠውን የምጨርሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጽፍ ነው። ይህ መመሪያም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል። መጻፉ የሚመጣው ወደ መጨረሻው አካባቢ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ገንዘብ የግብር ከፋዮች ገንዘብ ነው። ማመልከቻችሁን የሚያነበው ባለሙያ ሐሳባችሁን ቢወደውም እንኳ፣ ነገ ኦዲተር መጥቶ «ለምን ለእነዚህ ሰጠህ?» ሲለው የሚያሳየው ወረቀት ያስፈልገዋል። ያ ወረቀት የነጥብ መስጫ ሠንጠረዡ ነው። የግል ፋውንዴሽን በትውውቅና በእምነት ሊሰጥ ይችላል። የመንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው በነጥብ ነው። ስለዚህ የእናንተ ድርሻ ያ ባለሙያ ነጥብ መስጠት እንዲቀለው ማድረግ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ የሚመጥናችሁን በር ፈልጉ

የመንግሥት ግራንት (የማይመለስ ድጋፍ) ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የሚሊዮን ዩሮ ፕሮጀክት ነው። ለጀማሪ ድርጅት ግን የተሻለው በር ኤምባሲዎች የሚሰጡት አነስተኛ ድጋፍ ነው። ካናዳ «ካናዳ ፈንድ ፎር ሎካል ኢኒሺየቲቭስ» የሚባል ፕሮግራም አላት። በኤምባሲዎቿ በኩል የሚሰጥ ሲሆን ለአንድ ፕሮጀክት ጣሪያው 100,000 የካናዳ ዶላር ነው። አውስትራሊያ «ዳይሬክት ኤይድ ፕሮግራም» አላት። ጃፓንም ከ1989 ጀምሮ በኤምባሲዎቿ በኩል ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች ስትሰጥ ቆይታለች። የጃፓኑ የሚያተኩረው እንደ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውኃ ጉድጓድ ባሉ በዓይን በሚታዩ ነገሮች ላይ ነው። ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ ወጪ አይሸፍንም። ዋና ወጪው የአሠልጣኞች ደመወዝ የሆነ ፕሮጀክት ይዞ ወደዚያ መሄድ ልፋት ነው።

ትልቁ በር የአውሮፓ ኅብረት ነው። ጥሪዎቹን በራሱ ፖርታል (የማመልከቻ ድረ ገጽ) ያወጣል። ብሪታንያ ደግሞ በ2020 የልማት መሥሪያ ቤቷን ከውጭ ጉዳይ ጋር አዋህዳለች፤ የልማት ገንዘቧ አሁን የሚመጣው ከተዋሃደው መሥሪያ ቤት ነው። ድሮ የሰበሰባችሁትን የአመልካች መረጃ ይዛችሁ አትሂዱ።

አንዳንዱ በር ከውጭ አይከፈትም። የጀርመን የልማት ሚኒስቴር ለግል በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጠውን ድጋፍ የሚጠይቀው የጀርመን ድርጅት ነው። ሚኒስቴሩ ከወጪው እስከ 75 በመቶ ይሸፍናል፤ ቀሪውን አመልካቹ ይፈልጋል። ሌላ አገር ያለ ድርጅት የሚገባው አጋር ሆኖ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መፈለግ ያለባችሁ ጥሪ ሳይሆን አጋር ነው።

እንቁላሉን ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ አታስቀምጡ። በ1961 የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በጥር 2025 ክፍያዎቹ ተቋረጡ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ የውጭ እርዳታ መስጠቱን አቆመ። ሙሉ በጀታቸው እዚያ ላይ የተንጠለጠለ ድርጅቶች በሳምንታት ውስጥ ሠራተኛ በትነዋል። ሐሳባችሁ ቢያንስ ለሁለት ለጋሾች የሚሆን እንዲሆን አድርጉ።

ደረጃ 2፦ የአመልካቾችን መመሪያ ሦስት ጊዜ አንብቡ

ይህ ሰነድ 20 ወይም 30 ገጽ ሊሆን ይችላል። አሰልቺ ነው። ግን ከዚህ የሚበልጥ ጠቃሚ ወረቀት በሂደቱ ውስጥ የለም።

በመጀመሪያው ንባብ ማን ማመልከት እንደሚችል ብቻ ፈልጉ። የምዝገባ ዓመት፣ የድርጅት ዓይነት፣ የሥራ ቦታ፣ የገንዘቡ ወለልና ጣሪያ፣ የፕሮጀክቱ ዕድሜ። በሁለተኛው ንባብ የነጥብ አሰጣጡን ገልብጡና ለብቻው ወረቀት ላይ አስፍሩ። ያ ወረቀት እስከ መጨረሻው ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀመጥ። በሦስተኛው ንባብ የሚከለከሉ ወጪዎችንና የሚያያዙ ሰነዶችን ዘርዝሩ። «የግድ» የሚለውንና «ቢሆን ይመረጣል» የሚለውን በሁለት ቀለም አስምሩ። የመጀመሪያውን የጣሰ ማመልከቻ ሳይነበብ ይወድቃል። ሁለተኛው ነጥብ ብቻ ነው የሚያስቀንሰው።

የአውሮፓ ኅብረትን የተለመደ አሠራር እንደ ምሳሌ ላንሳ። ብዙ ጥሪዎቹ ሁለት ዙር አላቸው። መጀመሪያ ኮንሴፕት ኖት፣ ማለትም የሐሳባችሁን አጭር መግለጫ ትልካላችሁ። ከ50 ነጥብ ይታረማል፤ ከ30 በታች ያገኘ እዚያው ይቀራል። 30 ማግኘት ግን አለፋችሁ ማለት አይደለም፤ ገንዘቡ እስከሚፈቅደው ድረስ ከላይ ያሉት ናቸው የሚጠሩት። የተጠራ ሰው ሙሉ ፕሮፖዛል ያቀርባል፤ ያ ከ100 ይታረማል።

ያልገባችሁን ጠይቁ። በኅብረቱ አሠራር ጥያቄ የሚቀበሉት ማስገቢያው ቀን 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ነው፤ መልሱ ደግሞ 11 ቀን ከመቅረቱ በፊት ለሁሉም በይፋ ይወጣል። «የእኛ ድርጅት ብቁ ነው ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አይመልሱላችሁም፤ አስቀድሞ ፍርድ መስጠት ይሆንባቸዋል። «አንቀጹ እንዲህ ሲል በቅርንጫፍነት የተመዘገበን ያካትታል?» ብላችሁ ስለ ደንቡ ብትጠይቁ ግን ይመልሳሉ። የጥያቄው አቀራረብ ነው ልዩነቱ።

ደረጃ 3፦ ይቅርብን ማለትን ልመዱ

አንድ ጊዜ በውኃ ሥራ ላይ ያለ ድርጅት ውስጥ ስሠራ የወጣቶች ሥራ ፈጠራ ጥሪ ወጣ። ገንዘቡ ትልቅ ነበር። «ወጣቶች የቧንቧ ጥገና ይማራሉ» ብለን አጣመምነው። ሦስት ሰዎች ስድስት ሳምንት ሠራን። በመጀመሪያው ዙር ወደቅን። ገምጋሚዎቹ ትክክል ነበሩ፤ የሥራ ገበያውን አናውቀውም ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ያ ስድስት ሳምንት የተወሰደው ከመንደሮቹ ሥራ ላይ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሥራ አስኪያጁ፣ የፕሮግራም ኃላፊውና የሒሳብ ሠራተኛው አንድ ላይ ይቀመጡ። ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርተነዋል? ማስረጃ አለን? ይህን ያህል ገንዘብ መሸከም እንችላለን? የዓመት በጀቱ 50,000 ዩሮ የሆነ ድርጅት አንድ ሚሊዮን ሲጠይቅ ገምጋሚ ይፈራል፤ መፍራቱም ትክክል ነው። የራስ መዋጮውን ከየት እናመጣለን? ለእነዚህ የማያወላዳ መልስ ከሌላችሁ ተዉት። ሌላ ጥሪ ይመጣል።

ደረጃ 4፦ ማኅደሩን ጥሪ ሳይኖር አዘጋጁ

ጥሪ ክፍት የሚሆነው ለጥቂት ሳምንታት ነው። የኦዲት ሪፖርት ግን በጥቂት ሳምንታት አይሠራም። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የቦርድ አባላት ዝርዝር፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ኦዲት የተደረገ ሒሳብ፣ የባንክ ማረጋገጫ፣ የግዢ መመሪያ፣ የሙስና መከላከያና የጥቅም ግጭት ፖሊሲ አንድ ፎልደር ውስጥ ይሁኑ። በለጋሹ ፖርታል ላይም ቀድማችሁ ተመዝገቡ።

የድርጅታችሁ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል አስተያዩ። በምዝገባው ላይ አንድ ዓይነት፣ በባንኩ ደብዳቤ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ ሁለት ድርጅት ይመስላል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ስንቱን ክፍያ ይዛ እንደምትቆይ ግን ያየ ያውቀዋል።

በእርዳታ ሠራተኞች የተፈጸመ ወሲባዊ ብዝበዛ በ2018 ይፋ ከወጣ ወዲህ ለጋሾች ስለ ተጠቃሚዎች ጥበቃ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ፖሊሲ አያዋጣም። «ባለፈው ዓመት ቅሬታ የተቀበለው ማን ነው? አንዲት ተጠቃሚ ሠራተኛችሁ ቢበድላት ለማን ትናገራለች?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ለለጋሹ ብላችሁ አታድርጉት። ለዚያች ሴት ብላችሁ አድርጉት።

አጋር ካላችሁም በዚሁ ጊዜ ተነጋገሩ። በአብዛኛው ውሉን የሚፈርመውና ለገንዘቡ የሚጠየቀው መሪ አመልካቹ ነው። ማን ምን እንደሚሠራና ስንት እንደሚይዝ በጽሑፍ ይቀመጥ። የአጋሩን ፊርማ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት፤ ፈራሚው ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው።

ደረጃ 5፦ ከችግሩ ተነሱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

ብዙ ፕሮፖዛል «ችግሩ የጉድጓድ እጥረት ነው» ብሎ ይጀምራል። ይህ ችግር አይደለም፤ የመፍትሔ አለመኖር ነው። እንዲህ ብላችሁ ከጀመራችሁ መልሱ ጉድጓድ መቆፈር ብቻ ይሆናል። አሁን ወደ መንደሩ ሂዱና ጠይቁ። ጉድጓድ አለ፤ ፓምፑ ግን ከተሰበረ ስምንት ወር ሆኖታል። ለምን አልተጠገነም? መለዋወጫ የለም። ለምን የለም? የሚገዛበት ገንዘብ አልተዋጣም። ለምን አልተዋጣም? ያለፈው ኮሚቴ ሒሳብ አሳይቶ ስለማያውቅ ሰው አላመነውም። ያኔ ፕሮጀክታችሁ ይለወጣል። አዲስ ጉድጓድ መቆፈሩ ቀርቶ መለዋወጫ የሚቀርብበትን መንገድ፣ የሠለጠነ ጠጋኝንና በግልጽ የሚታይ የሒሳብ መዝገብን ይይዛል። ምናልባትም ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ይህን «ለምን» የሚለውን ሰንሰለት በወረቀት ላይ ስትስሉት የችግር ዛፍ ይባላል። ከተጠቃሚዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ ሣሉት። ቢሮ ውስጥ የተሣለ ዛፍ ያስታውቃል።

ከዛፉ ወደ ሎግ ፍሬም ትሄዳላችሁ። ይህ ሠንጠረዥ በ1969 ለዩኤስኤአይዲ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዛሬ ብዙ ለጋሾች በየራሳቸው መልክ ይጠቀሙበታል። ወደ ታች ዓላማ፣ ውጤት፣ ምርትና ተግባር ይደረደራሉ። ወደ ጎን መለኪያ፣ የማስረጃ ምንጭና ታሳቢ ይደረደራሉ።

ሰው የሚሳሳተው ምርትንና ውጤትን በመቀላቀል ነው። «30 ጠጋኞች ሠለጠኑ» ምርት ነው። ገንዘቡ ካለ ይሆናል። «የተሰበረ ፓምፕ በ7 ቀን ውስጥ ይጠገናል» ውጤት ነው። ለጋሹ የሚከፍለው ለሁለተኛው ነው። መለኪያውንም እንዲህ ጻፉት፦ «በ7 ቀን ውስጥ የሚጠገኑ ፓምፖች በ24 ወር ጊዜ ከ15 በመቶ ወደ 70 በመቶ ያድጋሉ፤ ማስረጃ፦ የኮሚቴው የጥገና መዝገብ»። መነሻ፣ መድረሻ፣ ጊዜና ማስረጃ አለው። መነሻውን ካላወቃችሁ ቁጥር አትፍጠሩ። የመነሻ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ አስገቡ፤ ወጪውንም በጀት ውስጥ አኑሩ።

«ታሳቢ» የሚለውን ሳጥን «ሰላምና መረጋጋት ይኖራል» ብላችሁ አትሙሉት። እውነተኛ ስጋታችሁን ጻፉ። መለዋወጫው ጉምሩክ ላይ ቢዘገይ ምን ታደርጋላችሁ? ስጋቱን የሚያውቅ ድርጅት የተሻለ ነጥብ ያገኛል።

ስለ ጾታም አንድ ነገር ልናገር። ለጋሾች ፕሮጀክቶችን በኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) መለያ ይመድባሉ፦ የጾታ እኩልነት ዓላማው ካልሆነ 0፣ ከዓላማዎቹ አንዱ ከሆነ 1፣ ዋና ዓላማው ከሆነ 2። «ከተጠቃሚዎቹ 50 በመቶ ሴቶች ናቸው» ማለት ብቻ ከዜሮ አያስነሳም። ውኃ የምትቀዳው ሴት ናት፤ ኮሚቴው ግን ወንዶች ብቻ ናቸው። ይህን ለመለወጥ ምን ታደርጋላችሁ? እሱን ጻፉ።

ደረጃ 6፦ በጀቱን ከተግባሩ ቅዱት

መጀመሪያ ጣሪያውን አይቶ ወደ ታች መከፋፈል የተለመደ ስህተት ነው። ተግባሮቹን አንድ በአንድ ያዙና ከታች ወደ ላይ ደምሩ። ሥልጠና ከሆነ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ ለአንድ ሰው በቀን ስንት፣ አዳራሽ፣ መጓጓዣ፣ አሠልጣኝ። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ዋጋው ከየት እንደመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። «የተለያዩ ወጪዎች» የሚል መስመር አይኑር።

የራስ መዋጮውን በትክክል አስሉ። ጠቅላላው 400,000 ዩሮ ከሆነና ለጋሹ ቢበዛ 80 በመቶ የሚሸፍን ከሆነ የምትጠይቁት 320,000 ነው። ቀሪው 80,000 ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ደብዳቤ ይኑራችሁ። ለቢሮ ኪራይና ለአስተዳደር የሚሆነው ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪም እንዳይረሳ። የአውሮፓ ኅብረት በውጭ ፕሮጀክቶቹ ላይ ከቀጥተኛው ወጪ እስከ 7 በመቶ ይፈቅዳል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ከመንግሥት ጋር ተደራድሮ ያስወሰነው የራሱ ተመን ለሌለው ድርጅት 10 በመቶ የነበረው ከጥቅምት 2024 ጀምሮ 15 በመቶ ሆኗል። ይህን ገንዘብ «እንዳንወደድ» ብላችሁ አትተዉት። ሒሳብ ሠራተኛችሁን የሚከፍለው እሱ ነው።

ስለ ምንዛሪ አስቡ። በኅብረቱ ደንብ በምንዛሪ ለውጥ የሚደርስ ኪሳራ የሚከፈል ወጪ አይደለም። ዕዳና የዕዳ ወለድም እንዲሁ። ስለዚህ የዋጋ ግሽበትንና ምንዛሪን አይታችሁ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ዋጋዎችን ከወዲሁ አስተካክሉ፤ ማስረጃውንም አያይዙ።

ከዚያ ሦስቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ ትረካውን፣ ሎግ ፍሬሙንና በጀቱን። ትረካው «6 መንደሮች» ካለ፣ ሎግ ፍሬሙ 6፣ በጀቱም 6 ማለት አለበት። ይህን የሚያይ ሰው ከጸሐፊው ሌላ ይሁን። ጸሐፊው ያሰበውን ነው የሚያነበው፤ የተጻፈውን አይደለም።

ደረጃ 7፦ አሁን ጻፉ

ርዕሶቻችሁን ከነጥብ መስጫው ላይ ውሰዱ፤ በዚያው ቅደም ተከተል። የእያንዳንዱ ክፍል የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጥያቄውን ይመልስ፤ ማስረጃው ቀጥሎ ይምጣ። ገምጋሚው በቀን ብዙ ማመልከቻ ያነባል፤ መልሱን እንዲፈልግ አታስገድዱት።

«ድርጅታችን የማኅበረሰቡን አቅም በመገንባት ዘላቂ ልማትን ያረጋግጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይልም። «በ6 መንደሮች የውኃ ኮሚቴዎች በየወሩ ገቢና ወጪያቸውን በአደባባይ ያነባሉ» የሚለው ይላል። የመጀመሪያውን ዓይነት ባገኛችሁ ቁጥር ሰርዙት።

የኦኢሲዲ የልማት እርዳታ ኮሚቴ ስድስት የመገምገሚያ መስፈርቶች አሉት። አምስቱ ከ1991 ጀምሮ ያሉ ናቸው፦ ተገቢነት፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ዘላቂ ለውጥና ቀጣይነት። በ2019 ከሌሎች ሥራዎች ጋር መጣጣም ተጨመረ። በጥሪው ላይ ስማቸው ባይጠራ እንኳ ገምጋሚው ጭንቅላት ውስጥ አሉ። ሰው በብዛት የሚወድቀው ቀጣይነት ላይ ነው። «ማኅበረሰቡ ይረከበዋል» አይበቃም። ገንዘቡ ሲያልቅ ለመለዋወጫው ማን ስንት ያዋጣል? ይህን በቁጥር መልሱ።

ሲያልቅ ስለ ፕሮጀክቱ ምንም ለማያውቅ ሰው ከነነጥብ መስጫው ስጡት። «እንደ ጠላት አርመው» በሉት። የሚሰጣችሁን ነጥብ ተቀበሉ፤ አትከራከሩት።

ደረጃ 8፦ ላኩ

ማስገቢያው ሰዓት የማን ሰዓት ነው? የአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች በብዛት የብራሰልስን ሰዓት ነው የሚሉት። በራሳችሁ ሰዓት አስልታችሁ መዝገባችሁ ላይ ጻፉት። ከዚያ ሁለት ቀን ቀንሱ፤ የእናንተ ማስገቢያ ቀን ያ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ፖርታሉ ይጨናነቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ፋይሉ ይከብዳል። ከአሮጌ ማመልከቻ የገለበጣችሁት ክፍል ካለ የሌላ ለጋሽ ስም እንዳልቀረበት ፈልጉ። የደረሰኝ ማረጋገጫውን አስቀምጡ።

ደረጃ 9፦ መልሱ ሲመጣ

ካልተሳካ የወደቃችሁበትን ምክንያትና ነጥባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ለጋሾች ይሰጣሉ። ነጥቡ የወረደው ሐሳቡ ላይ ከሆነ ሐሳቡን መርምሩ። አቅም ላይ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ በአጋርነት ግቡ።

ከተሳካ ገንዘቡ ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ የድርጅታችሁን ሒሳብ፣ ፖሊሲና አመራር ይመረምራሉ፤ በጀቱም ላይ ጥያቄ ይመጣል። ውሉ ሲደርሳችሁ ሥራ አስኪያጁ ብቻ አንብቦ አይፈርም። የሒሳብ ሠራተኛው የሪፖርት ቀኖችን፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ምን ያህል ገንዘብ ማዛወር እንደሚፈቀድና የግዢ ደንቡን አንብቦ ያስረዳ። በኅብረቱ ውሎች ደረሰኞችና መዝገቦች የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ደረሰኝ ከመምጣቱ በፊት የምታኖሩበትን ቁም ሣጥንና ቁልፉን የሚይዘውን ሰው ወስኑ።